መሬቱ በማን እጅ ነው? የቶሮንቶ የቤት ጥያቄ ከሬጀንት ፓርክ እስከ ዳንፎርዝ

በኦንታሪዮ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከጥቅምት 2025 ወዲህ 17 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ደመወዝ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግብሩ ሳይነሣ በወር 3,050 ዶላር ገደማ ያገኛል። የካናዳ የቤት ፖሊሲ የሚመራበት ልክ ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይለፍ የሚል ነውና ይህ ሰው ለቤት ሊያወጣ የሚገባው 915 ዶላር ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ለአዲስ ተከራይ የሚወጣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ግን ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። በ915 ዶላር የሚገኘው፣ እሱም ከተገኘ፣ በሰው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው የጋራ።

የቶሮንቶው ዳንፎርዝ መንገድ ሐበሻ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሳያሰፍረው ያውቀዋል። አረጋውያንን የሚንከባከቡት፣ የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉት፣ በመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን የሚያነጉት፣ ታክሲና ኡበር የሚነዱት ወገኖቻችን ሁለት ሥራ የሚይዙት ገንዘብ ለማጠራቀም ሳይሆን ኪራይ ለመድረስ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ቤዝመንት ይገባል፤ ልጅ ሲወለድ ሰፋ ያለ ቤት ይፈልጋል፤ ከዚያ ወደ ስካርቦሮ፣ ወደ ኤጃክስ፣ ወደ ኦሻዋ እየራቀ ይሄዳል። ከግሪንዉድ እስከ ኮክስዌልና ከዚያም አልፎ በዳንፎርዝ መንገድ ላይ ቡና ቤቶቻችን፣ ምግብ ቤቶቻችንና የእንጀራ መሸጫዎቻችን አሁንም አሉ። ደንበኞቻቸው ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሩቅ መኪና እየነዱ የሚመጡ እየሆኑ ነው። ገበያው ቀርቷል፤ ነዋሪው እየራቀ ነው።

ስለ ቶሮንቶ ቤት ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው «ስንት ቤት ይሠራ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቤት በብዛት መሠራት እንዳለበት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ለአቅመ ደካማ የሚሆን ቤት ከቁጥሩ በፊት ሊመለስለት የሚገባ ጥያቄ አለው፤ ቤቱ የቆመበት መሬት በማን እጅ ይቆያል? ኪራዩስ ለስንት ዓመት ይያዛል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመው የመለሱ የቶሮንቶ ሰፈሮች ከ40 ዓመት በኋላም ድሃውንና መካከለኛውን አብረው አኑረዋል። ያልመለሱት ግን፣ እዚህም ይሁን አዲስ አበባ፣ ቤቱ የተሠራለትን ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ አጥተውታል።

ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ፣ በጄራርድና በሹተር፣ በፓርላመንትና በሪቨር ጎዳናዎች መካከል ያለው ሬጀንት ፓርክ የካናዳ የመጀመሪያው ትልቅ የሕዝብ መኖሪያ ነው። የከተማው መራጮች በ1947 መጀመሪያ በድምፃቸው አጸደቁት፤ የካቤጅታውን አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች በ1949 ገቡ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ በፈራረሱ ቤቶች ተጨናንቀው ይኖሩ የነበሩ የሠራተኛ ቤተሰቦች ንጹሕ አፓርታማ አገኙ። ችግሩ የመጣው ከንድፉ ነው። የቆዩት መንገዶች ተዘጉ፤ ሕንፃዎቹ በሣር መካከል ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ተተከሉ፤ ሱቅ የለ፣ ባንክ የለ፣ የሚያልፍ መኪና የለ። 2,083ቱ ቤቶች በሙሉ ኪራያቸው በተከራዩ ገቢ የሚሰላ ነበርና በሰፈሩ ውስጥ ከድሃ በቀር ሌላ ነዋሪ አልነበረም። ጥገናው እየሳሳ ሲሄድ ግድግዳው አረጀ፤ «ሬጀንት ፓርክ» የሚለው አድራሻ ራሱ ለሥራ ፈላጊ ልጆች ሸክም ሆነ።

ቶሮንቶ ከዚህ ተምራ ነበር። በ1970ዎቹ በከንቲባ ዴቪድ ክሮምቢ ዘመን፣ ከሴንት ሎረንስ ገበያ በስተደቡብ በኤስፕላኔድ ዳር ፋብሪካና መጋዘን የነበረበትን 44 ኤከር ያህል መሬት ከተማው ሰብስቦ ሰፈር አደረገው። ፌዴራል መንግሥቱ በ1973 የቤት ሕጉን አሻሽሎ ለኮኦፕ (ለኅብረት ሥራ ቤቶች) እና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ብድር መስጠት ጀምሮ ስለነበር ገንዘቡ ተገኘ። በሴንት ሎረንስ ኮኦፕ፣ የከተማው ኪራይ ቤትና የግል ኮንዶሚኒየም በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቀይ ጡብ ተሠሩ። ምድር ቤቱ ትምህርት ቤት፣ ከላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ሳይቀር አለ። የሚያልፍ ሰው የትኛው የድሃ፣ የትኛው የባለ ገንዘብ እንደሆነ ከግንቡ መለየት አይችልም። ዛሬ አካባቢው በከተማው ውስጥ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በኮኦፖቹ ውስጥ ግን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች አሁንም ይኖራሉ። የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ ኪራያቸው አብሮ አልወጣም። መሬቱ ለገበያ አልቀረበማ!

እዚህ ላይ ኮኦፕ የሚሠራበትን መንገድ ትንሽ ማብራራት ይገባል፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው «የቤት ማኅበር» ሲባል የሚያስበው የሀገር ቤቱን ነው። በሀገር ቤት የቤት ሥራ ማኅበር አባላት ገንዘብ አዋጥተው፣ መሬት ወስደው፣ ቤቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ የየራሱን ካርታ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መሸጥም ማከራየትም የግል ጉዳዩ ነው። የካናዳ ኮኦፕ እንዲህ አይደለም። ሕንፃው የማኅበሩ ነው፤ አባሉ በወር የሚከፍለው ሞርጌጁን፣ ጥገናውን፣ ግብሩንና የወደፊት ማደሻውን ለመሸፈን ብቻ ነው። የሥራ አመራር ቦርዱን አባላቱ ራሳቸው ይመርጣሉ። የሚወጣ ሰው ቤቱን አይሸጥም፤ ለሚቀጥለው ይለቃል። ትርፍ የሚወስድ ባለቤት ስለሌለ ዓመት በጨመረ ቁጥር ክፍያው በዙሪያው ካለው ኪራይ እየራቀ ዝቅ ይላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አባላትም መንግሥት ልዩነቱን የሚደጉምበት መንገድ አለ። ከንቲባ ኦሊቪያ ቻውና ሟቹ ባለቤታቸው ጃክ ሌይተን ራሳቸው በቶሮንቶ ኮኦፕ ውስጥ ኖረዋል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ለምን ቆመ? በገንዘብ ምክንያት ቆመ፤ ያቆሙትም መንግሥታት ናቸው። ፌዴራል መንግሥቱ በ1993 በጀቱ ለአዲስ የማኅበራዊ መኖሪያ ግንባታ የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጠ። በ1995 ሥልጣን የያዘው የማይክ ሃሪስ የኦንታሪዮ መንግሥት ደግሞ በዕቅድ ላይ የነበሩትን ኮኦፖችና ትርፍ አልባ ቤቶች ሰረዘ፤ ቆይቶም የነበሩትን ቤቶች ኃላፊነት ከነዕዳቸውና ከነጥገናቸው በከተሞች ትከሻ ላይ ጣለ። የዛሬው የቶሮንቶ ኮሚዩኒቲ ሀውሲንግ ኮርፖሬሽን በ2002 የተመሠረተው ይህን ሸክም ለመያዝ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ከኒውዮርኩ ቀጥሎ ትልቁ የሕዝብ ቤት አከራይ ነው። ካናዳ በአጠቃላይ ካሏት ቤቶች ማኅበራዊ የሚባሉት ከመቶ 4 አይሞሉም። በ2023 መጀመሪያ የስኮሺያ ባንክ የኢኮኖሚ ክፍል ይህ ቁጥር በእጥፍ እንዲያድግ ጠይቋል። ባንክ እንዲህ ሲል ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሠራተኛው የሚያድርበት የሌለው ከተማ ኢኮኖሚውም ይታመማል።

በ1990ዎቹ የተከፈተው ቀዳዳ በኪራይ ሕጉም ላይ አለ። ከ1998 ጀምሮ በኦንታሪዮ ተከራይ ሲለቅ አከራዩ ለሚቀጥለው ሰው የፈለገውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ከኅዳር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባባቸው ቤቶች ደግሞ ከዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ነጻ ተደርገዋል። ውጤቱን ማንም ተከራይ ይነግራችኋል። አሥር ዓመት በአንድ ቤት የኖረች እናት ለአከራዩ ኪሳራ ትሆናለች፤ እሷ ብትወጣለት ያንኑ ቤት በእጥፍ ሊያከራየው ይችላልና። «ለእድሳት ውጡልኝ» የሚለው ማስታወቂያ፣ በቁጥሩ ኤን 13 የሚባለው፣ የሚበዛው ለዚህ ነው። የቶሮንቶ ምክር ቤት ከሐምሌ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ተከራይ የሚያስለቅቅ እድሳት የከተማ ፈቃድ እንዲጠይቅ ደንብ አውጥቷል። ጥሩ ነው፤ ግን መብቱን የማያውቅ ተከራይ አሁንም ወረቀቱ በሩ ሥር ሲገባ ሻንጣውን ያነሣል። በማኅበራችንና በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ቢያንስ ይህን ማስተማር ይቻላል፤ ማስታወቂያ ማለት የፍርድ ትእዛዝ አይደለም፣ የማስወጣት ውሳኔ የሚሰጠው የአከራይና ተከራይ ቦርድ ብቻ ነው።

ወደ ሬጀንት ፓርክ እንመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ለእኛ የለም። በ2005 የተጀመረው ዳግም ግንባታ አሮጌውን ሰፈር ደረጃ በደረጃ እያፈረሰ አዲስ ሠራ። የተዘጉት መንገዶች ተከፈቱ፤ ባንክና ሱፐርማርኬት ገቡ፤ በ2012 የመዋኛ ማዕከሉና ዳንየልስ ስፔክትረም የተባለው የኪነ ጥበብ ቤት ተከፈቱ፤ ሕንፃዎቹ ከአንድ የጋራ የኃይል ጣቢያ ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዲያገኙ ተደረገ። ወጪውን ለመሸፈን ከከተማው መሬት ከፊሉ ለኮንዶሚኒየም ገንቢ ቀረበ። ነባር ተከራዮች ቤታቸው ሲፈርስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው፣ አዲሱ ሲያልቅ የመመለስ መብት በውል ተሰጣቸው። ከገቢ ጋር የሚሰላው ኪራይ ያላቸው ቤቶች ቁጥርም እንዳይቀንስ ተወሰነ።

ሁሉም አልሆነም። ከተተኩት ቤቶች የተወሰኑት የተሠሩት ከሬጀንት ፓርክ ውጭ በሌሎች የመሃል ከተማ አድራሻዎች ነው። ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ስለወሰደ ልጁ በሌላ ሰፈር አድጎ፣ ትምህርት ቤት ለምዶ፣ መመለሱን የተወ ቤተሰብ ብዙ ነው። ኮንዶ የገዛውና ነባሩ ተከራይ በአንድ መንገድ ላይ እየኖሩ ሰላምታ የማይለዋወጡበት ጊዜ እንዳለ ተመራማሪዎችም ነዋሪዎችም ተናግረዋል። በእኔ ግምት ትልቁ ጉድለት ይህ አይደለም። ከተማው የድሆቹን ቤት ለማደስ የሸጠውን መሬት ዳግመኛ አያገኘውም፤ ሕንፃዎቹ ከ50 ዓመት በኋላ ሲያረጁ የሚሸጥ ሌላ መሬት የለም። እንዲህም ሆኖ «ትመለሳለህ» የሚለው ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ይህን ወረቀት የያዘ ሰው አላየንም።

የፈረሱትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ የልደታን፣ የፒያሳን፣ የካዛንቺስን ስም የሚያነብ የቶሮንቶ ሐበሻ ልቡ የሚሰነጠቀው በናፍቆት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያፈርስ የተነሡት የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ምትክ ቤት ያገኙት በከተማዋ ዳርቻ ነበር። ሰውየው ቤት አግኝቷል፤ ዕድሩን፣ የጉልት ደንበኛውን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ በእግሩ የሚደርስበትን ሥራ ግን አጥቷል። የጀበና ቡና ሸጣ ልጆች ያሳደገች ሴት አዲሱ ሰፈር ውስጥ ለማን ትሸጣለች? ንጹሕ ሽንት ቤትና ጠንካራ ግድግዳ ትልቅ ነገር መሆኑን በደሳሳ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ አላናንቀውም። ነገር ግን ሰውን ከኑሮው ነቅሎ ቤት መስጠት ድህነቱን ማዛወር ነው።

የቀበሌ ቤቱ ታሪክም ሌላ ትምህርት አለው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይ ቀነሰ፤ በጥቂት ብር የሚኖርበት ቤት ለመቶ ሺዎች መሃል ከተማው ውስጥ መቆያ ሆነ። መሬቱ ከገበያ ወጥቶ ነበር፤ ጥያቄው በግማሽ ተመልሶ ነበር ማለት ይቻላል። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን ከኪራዩም ከመንግሥትም አልመጣም፤ ጣሪያው ዛገ፣ ጭቃው ተፈረፈረ፤ በመጨረሻም ማርጀቱ ለማፍረስ ምክንያት ሆነ። የቶሮንቶ የሕዝብ ቤቶችም በዚሁ መንገድ ላይ ነበሩ። ጣሪያ የሚያፈስባቸው፣ አሳንሰር የተበላሸባቸው ሕንፃዎች በዝተው አንዳንድ ቤቶች ሰው የማይገባባቸው ሆነው ተዘጉ፤ በ2019 ፌዴራል መንግሥቱ ለጥገና ብቻ 1.3 ቢሊዮን ዶላር መስጠት ግድ ሆነበት። ርካሽ ኪራይ ያለ ጥገና በጀት የሚቆየው ጣሪያው እስኪያረጅ ድረስ ነው።

የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ የተጀመረው መርሐ ግብር በአፍሪካ ትልቅ ከሚባሉት የቤት ግንባታዎች አንዱ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ከደባልነት አውጥቷል። ሆኖም መንግሥት በመሬትና በግንባታ ወጪ የደጎመው ቤት ዕጣ ለወጣለት ሰው የግል ንብረቱ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ መሸጥ ይችላል፤ ማከራየት ደግሞ ከመጀመሪያውም ይችላል። ቅድሚያ ክፍያውንና የባንኩን ወርኃዊ ዕዳ ያልቻለ ባለ ዕድል አከራይቶት ራሱ ወደ ርካሽ ሰፈር ሄደ። ለአቅመ ደካማ የተባለው ቤት ኪራይ ገበያው ባወጣው ዋጋ ሆነ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ማውጣት ያስፈለገው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የሕዝብ ገንዘብ አንድን ሰው አንድ ጊዜ ጠቅሞ አለቀ፤ የሚቀጥለው ተመዝጋቢ እንደገና ከዜሮ ይጠብቃል።

ዘላቂ ከተማ የሚለውን ነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከዛፍና ከሶላር ጋር ነው። በቶሮንቶ ግን ከቤት ተለይቶ አይታይም። በ2022 መጨረሻ የዳግ ፎርድ የኦንታሪዮ መንግሥት 50,000 ቤት ይሠራበታል ብሎ 7,400 ኤከር ያህል መሬት ከግሪንቤልት፣ ማለትም ከተማውን ከሚከበው ጥብቅ የእርሻና የደን ቀጠና፣ አውጥቶ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ዋና ኦዲተር በነሐሴ 2023 ውሳኔው ጥቂት ገንቢዎችን በሚጠቅም መንገድ መወሰዱን አጋለጡ፤ መስከረም ላይ መንግሥቱ ይቅርታ ጠይቆ መሬቱን መለሰ። ፎርድ ራሳቸው ያቋቋሙት የቤት ግብረ ኃይል ችግሩ የመሬት እጥረት አይደለም ብሎ ነግሯቸው ነበር። በዳርቻው ሜዳ ላይ የሚሠራ ቤት ለሁለት መኪና፣ ለረጅም መንገድና ለብዙ ቤንዚን የተሠራ ነው፤ በአውቶቡስ ለሚሄድ የጽዳት ሠራተኛ አይደለም።

የቶሮንቶ እውነተኛው የሠራተኛ ቤት በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩት የኮንክሪት ማማዎች ናቸው፤ ሴንት ጄምስ ታውን፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ክረሰንት ታውን። አዲስ መጤ ሁሉ በእነሱ በኩል አልፏል፤ ከእኛም ብዙ ሰው። መስኮታቸው ሙቀት ያስወጣል፤ በሐምሌ ደግሞ ውስጣቸው ይጋገራል። አፍርሶ ከመሥራት ይልቅ እነሱን ማደስ ካርቦኑንም ተከራዩንም ያድናል፤ በሃሚልተን የኬን ሶብል ማማ በ2021 ታድሶ ለማሞቂያ የሚፈጀው ኃይል እጅግ ሲቀንስ ቤቱ የአረጋውያን ማኅበራዊ መኖሪያ እንደሆነ ቀጥሏል። ቁም ነገሩ እድሳቱ ለተከራዩ እንጂ ተከራዩን ለማስወጣት አለመሆኑ ላይ ነው። ሃሚልተን ላይ ይህ የተቻለው ሕንፃው የከተማው ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ የኦንታሪዮ ላይን ባቡር እየተሠራ ነው፤ በፔፕ ጣቢያ ከዳንፎርዝ ጋር ይገናኛል። ባቡር ሲመጣ የመሬት ዋጋ ይወጣል፤ ያም ሀብት የተፈጠረው በሕዝብ ገንዘብ ነው። የቶሮንቶ ምክር ቤት በኅዳር 2021 በጣቢያዎች አካባቢ የሚሠሩ ትልልቅ ሕንፃዎች የተወሰነ ድርሻ ለአቅመ ደካሞች እንዲይዙ ደንብ አወጣ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ለዓመታት ሲያጓትተው ከቆየ በኋላ በ2025 ድርሻው ከ5 በመቶ፣ ጊዜውም ከ25 ዓመት እንዳይበልጥ ወሰነው። 25 ዓመት! ዛሬ የምትወለድ ልጅ ቤት መከራየት በምትጀምርበት ዕድሜ የእናቷ ቤት ኪራይ ይለቀቃል ማለት ነው። በኤግሊንተን ምዕራብ የካሪቢያን ማኅበረሰብ ልብ የነበረው ሊትል ጃማይካ ከ2011 ጀምሮ በባቡር ግንባታ ስንት ሱቅ እንዳጣ አይተናል። መሬቱ የራሳቸው ያልሆነ ነጋዴዎች ግንባታውን ቢያልፉት እንኳ ከግንባታው በኋላ የሚመጣውን ኪራይ አይችሉም። ዳንፎርዝ ላይ ያሉት የእኛ ነጋዴዎችም ከዚህ የተለየ መከላከያ የላቸውም።

መንግሥታቱ ወደ ሥራው መመለስ ጀምረዋል፤ ይህን አለማመስገን ግፍ ነው። ካናዳ በ2019 ባወጣችው ሕግ በቂ መኖሪያ ሰብአዊ መብት መሆኑን ተቀብላለች። ቶሮንቶ በ2021 «ተመጣጣኝ» የምትለውን ኪራይ የምትለካበትን መንገድ ለውጣለች፤ ቀድሞ በገበያው አማካይ ዋጋ ትለካው ነበር፤ አሁን በሰው ገቢ ነው። ኪራዩ በገቢ የሚሰላ ቤት ተጠባባቂዎች ግን ከ80,000 ቤተሰብ በላይ ናቸው፤ ለባለ አንድ መኝታ ከአሥር ዓመት በላይ ይጠበቃል። በሰኔ 2023 የተመረጡት ኦሊቪያ ቻው ምክር ቤቱን አሳምነው እስከ 2030 ድረስ ኪራያቸው የተገደበ 65,000 ቤቶች እንዲፈቀዱ ግብ አስቀምጠዋል። የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ካርኒ መንግሥትም በመስከረም 2025 «ቢልድ ካናዳ ሆምስ» የተባለ ድርጅት በ13 ቢሊዮን ዶላር መነሻ አቋቁሟል፤ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች አንዱ የቶሮንቶው ዳውንስቪው ነው።

በዚሁ ሰሞን የኮንዶ ገበያው ወድቋል፤ በ2024 የአዲስ ኮንዶ ሽያጭ ከ1990ዎቹ ወዲህ ያልታየ ዝቅታ ላይ ደረሰ፤ የኪራይ ዋጋም ትንሽ ቀነሰ። ይህን አይተው «ገበያው ራሱን አረመ» የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ዋጋ ሲወርድ የግል ገንቢው መሥራት ያቆማል፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ የሚሠራው ለሚከፍል ነው። በሁለቱም ጊዜ የሆቴል አልጋ የምታነጥፈዋ ሴት በሒሳቡ ውስጥ የለችም። መሬት የሚረክስበት፣ ግንበኛው ሥራ የሚፈልግበት ይህ ጊዜ በተለይ የሕዝብና የማኅበር ቤት መሠሪያው ነው።

በሒሳቡ ውስጥ ያልገባ ሰው የት እንደሚያድር አይተናል፤ በሐምሌ 2023 መሃል ቶሮንቶ፣ ፒተር ጎዳና 129 ቁጥር ከሚገኘው የመጠለያ መቀበያ ደጅ፣ ከአፍሪካ ሀገራት የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ለሳምንታት አስፋልት ላይ አድረዋል። ከተማውና ፌዴራል መንግሥቱ ማን ይክፈል ሲባባሉ ሰዎቹን ያነሡት የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ኋላ ለቶሮንቶ 97 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ያ የሆነው መጠለያው ሞልቶ ስለነበር ነው፤ መጠለያው የሞላውም ከውስጡ የሚወጡበት ቤት ስለጠፋ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ያየናቸውን ወጣቶች ዛሬ በየቤዝመንቱ፣ በየማድረሻ ብስክሌቱ እናገኛቸዋለን።

እኛስ? የእኛ ሰው ስለ ቤት ያለው ምኞት አንድ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ አጠራቅሞ መግዛት። ዕቁቡም ለዚህ ይጣላል፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መግዛቱም የዚሁ አካል ነው። ምኞቱን አልነቅፍም፤ የቻለ ይግዛ። ግን የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገዝቶ የተረፈው ሰው ለዛሬው መጤ «እንደኔ ጣር» ሲለው ሒሳቡን አልሠራውም። ከማኅበረሰባችን የሚበዛው ተከራይ ሆኖ እንደሚያረጅ አምነን መነሣት አለብን። ጡረታ የወጡ፣ ልጆቻቸው የራቁ፣ በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው የሚፈልጉ እናቶቻችን ከአሁኑ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው።

ሌሎች ማኅበረሰቦች መንገዱን ጀምረውታል። ፓርክዴል ውስጥ ነዋሪዎች የመሬት ባለአደራ ማኅበር መሥርተው ሕንፃ ከገበያ እያወጡ ይይዛሉ፤ የኬንሲንግተን ገበያ ነዋሪዎች በ2021 በከተማው እርዳታ የመጀመሪያ ሕንፃቸውን ገዝተዋል። ከተማው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የግል አፓርታማዎችን እንዲገዙ የሚረዳበት ፈንድ ከዚያው ዓመት ጀምሮ አለው። በስካርቦሮ፣ ከኬኔዲ ጣቢያ አጠገብ፣ በከተማው መሬት ላይ 612 ቤት የሚይዝ ኮኦፕ ታቅዷል፤ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ በኦንታሪዮ ከተሠሩት ትልቁ ይሆናል። የካናዳ ዩናይትድ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ምእመን በቀነሰባቸው ሕንፃዎቿ ቦታ ላይ ኪራይ ቤት የሚሠራ ኪንድረድ ወርክስ የተባለ ድርጅት አቋቁማለች።

«ሐበሻ በጋራ አይሠራም» የሚለውን አባባል በዚህ ጉዳይ አልቀበለውም። በዚህ ከተማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናታችን በምእመን አሥራትና መዋጮ የተገዙ ናቸው። ዕድሮቻችን አስከሬን ሀገር ቤት እስከ መላክ የደረሰ ገንዘብ በሥርዓት ይይዛሉ። የጎደለን ገንዘብ የማዋጣት ልማድ ሳይሆን ያንን ልማድ ከከተማው የመሬትና የብድር ሕግ ጋር የሚያገናኝ ትርፍ አልባ የቤት ድርጅት ነው። ለዚህ የሕግ ባለሙያ፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሰው ይፈለጋል፤ ሦስቱም ከመካከላችን አሉ፣ አሁን የሚሠሩት ለሌላ ነው። ብቻችንን መሆንም የለብንም፤ የቶሮንቶ የኅብረት ሥራ ቤቶች ፌዴሬሽን አዲስ ጀማሪን እጁን ይዞ ያስገባል።

ቦታውም ሩቅ አይደለም። በዳንፎርዝና በኮክስዌል ጥግ ያለው አሮጌ የትራም ጋራዥ የከተማው መሬት ነው፤ መኖሪያ ቤትን ጨምሮ ለብዙ አገልግሎት እንዲውል ዕቅድ ሲወጣለት ቆይቷል። ከተማው በራሱ መሬት ላይ ቤት ሲያሠራ መሬቱን ሳይሸጥ ለ99 ዓመት በሊዝ የሚሰጥበት አሠራር ከ2019 ጀምሮ አለው። በዚያ ጥግ ላይ በሚጠራው በእያንዳንዱ የሕዝብ ውይይት የኢትዮጵያ ማኅበርም፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹም፣ የዳንፎርዝ ነጋዴዎችም ተገኝተው ሊጠይቁ የሚገባቸው ግልጽ ነው፤ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ ከሕንፃዎቹ ቢያንስ አንዱ ለኮኦፕ ወይም ለትርፍ አልባ ድርጅት እንዲሰጥ፣ ኪራዩ ለ25 ዓመት ሳይሆን ለሊዙ ዘመን በሙሉ በገቢ እንዲሰላ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤቶች ለልጆች እንዲኖሩ፣ ምድር ቤቱም ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ እንጀራና ቡና ለሚሸጡት በሚችሉት ኪራይ እንዲከፈት።